ሰው ሲጾም ጅብ ምን ይበላል? በትግራይ የተጠና የአመጋገብ ለውጥ

በቅበላ ሰሞን ከተማው ሥጋ በሥጋ ነው። ሉካንዳ ቤቶች እስከ ምሽት ይሠራሉ። አጥንቱ፣ ሆድ ዕቃው፣ ሰኮናውና ቀንዱ ከየግቢው እየወጣ ጥግ ጥጉን ይጣላል። ሰኞ ሲነጋ ሁዳዴ ይገባል፤ ሉካንዳው ይዘጋል፣ ቢላዋው ይሰቀላል፣ ለ55 ቀን ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ከምእመኑ ማዕድ ይርቃሉ። ሌሊት ሌሊት ከየጉድባው ወጥቶ ያንን ትርፍራፊ ሲለቅም የኖረው ጅብ ግን ጾም አያውቅም።

ታዲያ በእነዚያ 55 ቀናት ምን ይበላል? የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ ይህን ጥያቄ በትግራይ መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2012 በጆርናል ኦቭ አኒማል ኢኮሎጂ አሳትመዋል። መንገዳቸው የጅቡን ዓይነ ምድር ሰብስቦ በውስጡ የቀረውን ፀጉር መለየት ነበር። የአህያ ፀጉር የተገኘበት መጠን ከጾሙ በፊት 14.8 በመቶ፣ በጾሙ ጊዜ 33.1 በመቶ፣ ከጾሙ በኋላ 22.2 በመቶ ሆነ። በጾሙ ወቅት ከእጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። አጥኚዎቹ የሰጡት ማብራሪያ ግልጽ ነው፦ ከሉካንዳና ከጓዳ የሚወጣው ትርፍራፊ ሲነጥፍ ጅቡ ፊቱን ወደ አህያ አዞረ።

ጉዳዩ በዝርዝር መታየት የሚገባው በሁለት ምክንያት ነው። እንስሳትን በአመጋገባቸው ስንመድብ የምንሳሳተው የት ላይ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የአገር ውስጥ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ሁለተኛው ምክንያት የአህያው ነገር ነው፤ ለብዙ ገበሬ ቤተሰብ ውሃውም፣ እህሉም፣ ማገዶውም የሚመላለሰው በአህያ ጀርባ ነው።

«ሥጋ በል» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በትምህርት ቤት መጽሐፍ ምደባው ቀላል ነው፦ ሣር በል፣ ሥጋ በል፣ ሁሉን በል። ላምና አህያ ከመጀመሪያው፣ አንበሳና ጅብ ከሁለተኛው፣ አሳማና ሰው ከሦስተኛው። ስህተት የለውም፤ ግን ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን በአንድ ከረጢት ከቶ ያስራል። እንስሳው ከየትኛው ዘር ነው? ጥርሱና ሆዱ የተሠራው ለየትኛው ምግብ ነው? በዚህ ቦታ፣ በዚህ ወር በእርግጥ የበላውስ ምንድን ነው፣ ከየትስ አገኘው? ሦስቱ መልሶች አንድ ላይ የሚገጥሙት ሁልጊዜ አይደለም።

የዘሩን ነገር ብናይ፣ ሳይንሱ «ሥጋ በሎች» ብሎ በሰየመው ክፍለ መደብ ውስጥ ከሞላ ጎደል ቀርከሃ ብቻ እየበላ የሚኖረው የቻይናው ፓንዳ አለ። ከጅብ ቤተሰብ ውስጥም ምስጥ በል የሆነ አለ፤ ይኸው ትንሽ ጅብ በምሥራቅ አፍሪካ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ ይገኛል። መንጋጋዎቹ ሟሽሸው ችካል መስለዋል፤ በምላሱ እየላሰ በአንድ ሌሊት ከ200,000 በላይ ምስጥ ይጨርሳል። የአጎቱ ልጅ አጥንት ሲቆረጥም እሱ ምስጥ ይልሳል። ስለዚህ «የጅብ ዘር ነው» ማለት ምን እንደሚበላ መናገር አይደለም።

የትግራዩ ነጠብጣባም ጅብ ግን በአካሉ የማያሻማ ሥጋ በል ነው። 34 ጥርሶች አሉት። ከክራንቻው ቀጥለው ያሉት ሾጣጣና ወፋፍራም የፊት መንጋጋዎች አጥንት ይሰብራሉ። ከእነሱ ኋላ ያሉት ስለታም ጥርሶች እንደ መቀስ ተላልፈው ቆዳና ጅማት ይቆርጣሉ። ሥራው ስለተከፋፈለ አጥንት መስበሩ ሥጋ መቁረጫውን አያደንዝበትም። በአንድ ገበታ የክብደቱን ሲሶ ያህል ሊውጥ ይችላል። ሆዱ አጥንትን ከነመቅኑ ያሟሟል፤ ኩሱ ሲደርቅ እንደ ኖራ የሚነጣውም ከአጥንቱ በሚቀረው ካልሲየም ነው። የማይበገሩት ፀጉር፣ ሰኮናና ቀንድ ናቸው። ከፊሉን ጠቅልሎ ያስታውከዋል፣ ከፊሉ በኩስ ይወጣል። «የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል» የሚለው ተረት ስለ ችኮላ የተነገረ ቢሆንም በጅቡ ሆድ አሠራር ላይ የቆመ እውነት አለው፤ ቀንድ ለጅብም ትርፍ የለውም። ለአጥኚው ግን ትርፉ እሱ ነው። ሥጋው ሲጠፋ ፀጉሩ ይቀራልና።

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ስንደርስ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። ጅብን ለዘመናት «ጥንብ በል» ሲሉት የኖሩት በቀን ያዩትን ይዘው ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሃንስ ክሩክ በታንዛኒያው ሴሬንጌቲና በንጎሮንጎሮ ሌሊቱን ሙሉ ጅቦችን ተከታትሎ ሲያጠና ተቃራኒውን አገኘ። ጅቡ የሚበላውን በአብዛኛው ራሱ አድኖ ይገድላል፤ ንጋት ላይ አንበሳ ሲበላ ጅብ ዳር ቆሞ ሲጠብቅ የሚታየው ብዙ ጊዜ አንበሳው ቀምቶት ነው። በትግራይ ደግሞ የሚታደነው የዱር እንስሳ ስለተመናመነ ያው ጅብ የሚኖረው በቤት እንስሳና በሰው ትርፍራፊ ነው። ጥርሱ አልተለወጠም፣ ሆዱም አልተለወጠም፤ የተለወጠው አገሩ ነው። አዳኝና ጥንብ በል ሁለት ዓይነት እንስሳ አይደሉም፤ አንዱ እንስሳ በሁለት ገበያ ሲሸምት ነው። ሐረር ላይ በአሹራ ቀን ጅቦች የሚቀርብላቸውን ቅቤ የጠጣ ገንፎ ይበላሉ፤ ይህም ሁሉን በል አያሰኛቸውም። ያገኙትን መቅመስና በዚያ መኖር ይለያያሉ።

ለምን አህያ?

የአህያው ነገር ራሱን የቻለ የአመጋገብ ጉዳይ ነው። በሬና ፍየል ያመሰኳሉ። በቀን የጋጡትን ጨጓራቸው ውስጥ አጠራቅመው፣ ሌሊት በረት ተኝተው ወደ አፋቸው እየመለሱ ያላምጣሉ። አህያ ሣር በል ቢሆንም አያመሰኳም። ሆዱ አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ገለባው የሚብላላው ኋላ፣ በትልቁ አንጀትና በዕውር አንጀቱ ውስጥ ነው። ይህ አሠራር ደረቅ ገለባን በፍጥነት ያሳልፋል፤ ከእያንዳንዱ ጉርሻ የሚወስደው ግን ትንሽ ነው። ስለዚህ አህያ የሚበቃውን ለማግኘት ረጅም ሰዓት መጋጥ አለበት። ቀኑን ጭነት ላይ የዋለ አህያ የቀረው ሰዓት ሌሊቱ ነው። ብዙ ቦታም ከብትና ፍየል ወደ በረት ሲገቡ አህያ ደጅ ይቀራል፤ ጅብ የሚያገኘው እዚያ ነው።

በዚህ ላይ የአህያን ሥጋ ሰው አይበላም። በሬ ቢታረድ ለጅብ የሚደርሰው አጥንትና ፈርስ ነው፤ አህያ ሲሞት ሙሉ በድኑ ከመንደር ወጥቶ ይጣላል፣ ሁሉም የጅብ ነው። ከጾሙ በፊት የተመዘገበውን 14.8 በመቶ ስናነብ ይህንን ማስታወስ ይገባል። አህያ ለጅቡ በሁዳዴ የመጣ አዲስ ምግብ አይደለም፤ ድሮም ነበረ፣ በጾሙ ገነነ።

ኩሱ እንዴት ይነበባል

ዘዴው ርካሽ ነው፤ ግን ጥንቃቄ ካጣ ውጤቱ ከንቱ ይሆናል። ይህን ሥራ በሌላ አካባቢ መድገም ለሚፈልግ ተማሪ ወይም የወረዳ ባለሙያ ሂደቱ እንደሚከተለው ነው።

ጅቦች የሚጸዳዱበት የጋራ ቦታ አላቸው፤ ነጩ ኩስ ከሩቅ ያሳየዋል። የመጀመሪያው ሥራ መሰብሰብ ሳይሆን ማጽዳት ነው። አሮጌው ሁሉ ተጠርጎ መውጣት አለበት። አብዛኛው ስህተት እዚህ ይፈጠራል፦ በአጥንት የዳበረ ኩስ ደርቆ ሳምንታት ሳይፈርስ ይቆያል። ሳይጠረግ ከተሰበሰበ በቅበላ የተበላው በሬ በጾሙ ሂሳብ ይገባል፣ ልዩነቱም ይደበዝዛል። ከተጠረገም በኋላ ፀጉር ሆድ ውስጥ ቀናት ሊያድር ስለሚችል የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት ኩስ ለብቻ ማስቀመጥ ይሻላል። ትኩሱ አረንጓዴ ይላል፣ ሲደርቅ ይነጣል፤ ቀለሙ ዕድሜውን ለመገመት ይረዳል።

እያንዳንዱ ኩስ በየራሱ የወረቀት ከረጢት ይገባል። በላስቲክ ከታሰረ ይሻግታል። ከረጢቱ ላይ ቀኑና ቦታው ይጻፋል። ያስታወከው የፀጉር ድቡልቡል ከተገኘ ለብቻው ይያዝ፤ ከኩስ ጋር ከተቆጠረ አንድ ምግብ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ግዴታ ነው። በሽታ የገደለውን እንስሳ የበላ ጅብ ኩስ የአባ ሰንጋ ዘር ሊኖርበት ይችላል፣ የትል እንቁላልም አይጠፋበትም። ፀሐይ ላይ ማድረቅ የአባ ሰንጋን ዘር አይገድልም፤ አስተማማኙ በአውቶክሌቭ (በግፊትና በእንፋሎት ሙቀት በሚያመክን መሣሪያ) ማምከን ነው።

ከዚያ ኩሱ ሳሙና ባለው ሙቅ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ በእጅ ይፈረፈራል፣ በጠባብ ወንፊት ላይ ይታጠባል። አፈሩና የአጥንቱ ዱቄት ሲወርድ ፀጉር፣ የሰኮና ቁራጭ፣ አንዳንዴም ላባ ይቀራል። ፀጉሩ በአልኮል ታጥቦ ይደርቅና አራት ማዕዘን መስመር በተሰመረበት ሳህን ላይ ይበተናል። ለምርመራ የሚነሣው ፀጉር መስመሮቹ በሚገናኙበት ነጥብ ላይ ያረፈው ነው። ዓይን የሳበውን ማንሣት አይፈቀድም፤ ዓይን ሁልጊዜ ረጅሙንና ጥቁሩን ይመርጣል፣ ረጅሙ ደግሞ የአህያ ጋማ ወይም የጅራት ፀጉር ሊሆን ይችላል። በዚህ ብቻ የአህያ ቁጥር ያለአግባብ ይጨምራል።

ፀጉሩን ለመለየት ቀለም፣ ርዝመትና ውፍረት ይታያል፤ እሱ ግን አይበቃም። የፀጉር ገጽ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረቡ ስስ ሽፋኖች የተሸፈነ ነው፣ የአደራደሩም መልክ ከእንስሳ እንስሳ ይለያል። በማይክሮስኮፕ መስታወት ላይ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ስስ አድርጎ መቀባት፣ ፀጉሩን ላዩ ላይ ማጋደም፣ ሊደርቅ ሲል በወረንጦ ላጥ ማድረግ። ፀጉሩ ይነሣል፣ ኅትመቱ ይቀራል። ቀለሙ ከወፈረ ፀጉሩ ይሰምጥና ኅትመቱ ይጨማለቃል፤ ጨርሶ ከደረቀ ደግሞ ፀጉሩ አልላቀቅ ብሎ ይበጠሳል።

ማነጻጸሪያ የሌለው ሰው ግን ይህን ሁሉ ለፍቶ ገማች ብቻ ነው የሚሆነው። ከአካባቢው አህያ፣ በቅሎ፣ ፈረስ፣ ላም፣ በግ፣ ፍየል፣ ውሻና ግመል ፀጉር አስቀድሞ መሰብሰብ አለበት፤ ያውም ከአንድ ቦታ ሳይሆን ከጀርባ፣ ከሆድ፣ ከእግር፣ ከጋማና ከጅራት። የአንዱ አህያ የጋማና የሆድ ፀጉር እርስ በርሱ ከሚመስለው ይልቅ የአህያና የበቅሎ የጀርባ ፀጉር ይመሳሰላል። በቅሎ ብዙ ባለበት አገር «አህያ» ብሎ በእርግጠኝነት መጻፍ ከባድ ስለሆነ «የአህያ ወገን» ብሎ መመዝገብ ይሻላል። መርማሪውም ከመጀመሩ በፊት ስማቸው በተሸፈነ የታወቁ ፀጉሮች ይፈተን። ከየትኛው ወቅት የመጣ ናሙና እንደያዘ ባያውቅ ደግሞ ይመረጣል፤ «ይህ የጾም ነው» ብሎ የጀመረ ዓይን አህያ ይፈልጋል።

መቶኛው የሚናገረውና የማይናገረው

ከ14.8 ወደ 33.1 የሚለውን ሰው ሲሰማ «ጅብ የሚገድላቸው አህዮች ከእጥፍ በላይ ሆኑ» ብሎ ይተረጉማል። ቁጥሩ እንዲህ አይልም። ድርሻ ነው፣ ብዛት አይደለም። በምሳሌ እንየው። ከጾሙ በፊት የአህያ ፀጉር ያለበት 15፣ የሌለበት 85 ኩስ ተገኘ እንበል። በጾሙ ጊዜ የአህያው 15 ላይ እንደቆመ ሌላው ምግብ በግማሽ ቢቀንስና 42 ቢሆን የአህያ ድርሻ ወደ 26 በመቶ ይወጣል፤ አንድም ተጨማሪ አህያ ሳይሞት። 33 በመቶ ለመድረስ ሌላው በሁለት ሦስተኛ ያህል ቀንሶ ወደ 30 መውረድ ይኖርበታል። ስለዚህ በየወቅቱ ስንት ኩስ በስንት ቀን እንደተገኘ፣ የወረዳው እንስሳት ሐኪም ስንት የተበላ አህያ እንደመዘገበ አብሮ መያዝ ያስፈልጋል። መቶኛ ብቻውን ግማሽ ምስክር ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ፀጉር የሚናገረው ፀጉር ስላለው ምግብ ነው። ከሉካንዳ የሚጣል የተላጠ አጥንትና ሆድ ዕቃ ፀጉር የለውም። ጅቡ ሌሊቱን ሙሉ ትርፍራፊ ሲበላ ቢያድር ኩሱ ውስጥ የሚቀረው ነጭ ዱቄት ነው። የትርፍራፊው ድርሻ በዚህ ዘዴ ምንጊዜም ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይታያል፤ በጾም ሲቀንስ የቀነሰውም እንዲሁ። አንድ አህያ ላይ አሥር ጅብ ከተሰበሰበ ደግሞ አንዱ አህያ በአሥር ኩስ ይቆጠራል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ፀጉሩ አህያው ተገድሎ ይሁን ሞቶ ተጥሎ አይለይም። ሁዳዴ ደግሞ የሚውለው በበጋው መጨረሻ፣ ገለባ ባለቀበትና አህያ በከሳበት ወቅት ነው። ጅቡን ወደ አህያ የገፋው የሥጋው መጥፋት ነው ወይስ የአህያው መድከም? ከጾሙ በኋላ ቁጥሩ ወርዶ 22.2 ላይ መቆሙ፣ ወደ 14.8 አለመመለሱ፣ ወቅቱም የራሱ ድርሻ ሊኖረው እንደሚችል ያስጠረጥራል። ቢሆንም ሉካንዳ ሲከፈት የአህያው ድርሻ መውረዱ የአጥኚዎቹን ማብራሪያ ይደግፋል፤ በጽሑፋችን ሚዛን ዋናው ምክንያት ጾሙ ለመሆኑ ማስረጃው ጠንካራ ነው።

ሁለቱን ለመለየት የተሻለው መሣሪያ የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበት ባሕረ ሐሳብ ነው። ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ይገባል፣ በየዓመቱም ይዘዋወራል። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት 2፣ በ2018 ዓ.ም. የካቲት 9 ገብቷል፤ የ23 ቀን ልዩነት ነው። የበጋው ድርቀት ግን ከጾሙ ጋር አይዘዋወርም። ቀደም ብሎና ዘግይቶ በገባባቸው ዓመታት ናሙናው ቢደገም፣ የአህያው ፀጉር ጾሙን ተከትሎ ከተንቀሳቀሰ ምክንያቱ ጾሙ ነው፤ በወሩ ላይ ከቆመ ምክንያቱ ወቅቱ ነው። ኅዳር 15 የሚገባው የነቢያት ጾምም ሌላ ፈተና ይሆናል፤ ያኔ አዝመራ እየተሰበሰበ፣ አህያው ጠግቦ፣ ሉካንዳው ግን ተቀዛቅዞ ነው።

ለአህያው ባለቤትና ለማዘጋጃ ቤቱ

ለገበሬው የሚጠቅመው ነገር ቀኑ መታወቁ ነው። አደጋው የሚጨምርበት ጊዜ በቀን መቁጠሪያ ላይ ተጽፏል። በጾሙ ውስጥ አህያን ደጅ አለማሳደር፣ ሌሊት ሊግጥ ይገባው የነበረውን ገለባ በበረቱ ውስጥ ማቅረብ ያስፈልጋል። ገለባ ሳይቀርብለት የተዘጋበት አህያ ከጅብ ተርፎ በረሃብ ይከሳልና ሁለቱ አይነጣጠሉም፤ ስለዚህ ከአዝመራው ገለባ ለሁዳዴ የሚሆነው አስቀድሞ ተለይቶ ይከመር። እግሩን አስሮ ሜዳ ላይ መተው የከፋው ነው። አህያ የሚከላከለው በእርግጫና በሩጫ ሲሆን ገመዱ ሁለቱንም ይነጥቀዋል። የእሾህ አጥር ከሆነ ከሥሩ ክፍተት እንዳይኖረው ይታይ፤ ጅብ ከመዝለል ይልቅ በሥር መግባት ይቀናዋል። ጀርባው የተላጠ፣ የቆሰለና ያረጀ አህያ ቅድሚያ ይሰጠው።

የከተማው ሥራ ከዚህ ይለያል። ብዙ አስተዳደር ጅብ ሲበዛ የሚታየው የመጀመሪያ መፍትሔ ቆሻሻ መጣያውን ማጠር ወይም ቄራውን መዝጋት ነው። ይህ ለጅቡ ማብቂያ የሌለው ሁዳዴ ነው። ትርፍራፊው በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ጅቡ አይጠፋም፤ በትግራይ እንደታየው ወደ በረቱ ይዞራል። ጅቡ ትርፍራፊውን መብላቱም ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ የመቀሌ ጥናት ጅቦቹ በዓመት 207 ቶን የእንስሳት በድንና ተረፈ ምርት እንደሚያነሡ፣ በዚህም በየዓመቱ 5 ሰዎችና 140 የቤት እንስሳት በአባ ሰንጋና በከብት ሳንባ ነቀርሳ ከመያዝ እንደሚድኑ ገምቷል።

መጣያው መታጠሩ የማይቀር ከሆነ ሥራው በጥቅምትና በኅዳር ቢጀመር ይሻላል፤ ያኔ ሣሩም አለ፣ አህያውም ጉልበት አለው፣ ገበሬውም በረቱን ለመጠገን ጊዜ ያገኛል። የሚቀርበው ትርፍራፊ በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ይቀነስ እንጂ ድንገት አይቋረጥ። በየካቲት የታጠረ መጣያ ግን ከሁዳዴ ጋር ይደረብና በዙሪያው ያሉት መንደሮች በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ይሸከማሉ።